በመኪናው በኩል

ክሊዮፈስ ጌይንስ ከሴት ጋር መንገድ ሲሄድ በየትኛው በኩል መሆን እንዳለበት ተሳስቶ አያውቅም። ሴት ወደ ግንቡ፣ ወንድ ወደ መኪናው። አባቱ እንዲህ ብሎ አሳደገው። እሱም ልጁን ዴማርኮን ገና ቁምጣ በሚለብስበት ዘመን በክርኑ ጎሸም እያደረገ «እናትህን ወደ ውስጥ አስገባት፣ አንተ ወደ ውጭ ውጣ» እያለ አሳደገው። ከሚስቱ ከአርኔታ ጋር መንገድ በተሻገሩ ቁጥር ዞሮ ቦታ ሲለውጥ ያየ ሰው ባልና ሚስቱ የሚጨፍሩ ይመስለው ነበር።

«ክሊዮ፣ መኪና ከመጣ እኮ ሁለታችንንም ነው የሚደፈጥጠን» ትለዋለች አርኔታ።

«ቀድሞ እኔን ነው» ይላታል። ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ወጣ ይላል። መጥፎ ሰው አይደለም። የከተማ አውቶቡስ ሲጠግን ያረጀ፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ በእሁድ ሳሙና እንኳ የማይለቅ፣ ሚስቱን አንድም ቀን በክፉ እጅ ያልነካ ሰው ነው። አለመንካቱን ደግሞ ያውቀዋል። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰው ክፉ አለማድረጉን እንደ ሥራ ከቆጠረው፣ የቀረው ሥራ አይታየውም።

በአሜሪካዋ ሜምፊስ ከተማ እሱ ዲያቆን በሆነባት የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንድ እሁድ የወንዶች ቀን ይባላል። በዚያ ቀን የሚዘምረውም፣ በር ላይ ቆሞ ሰው የሚያስተናግደውም፣ ወጥ ቤት ገብቶ የሚያበስለውም ወንድ ነው። ሴቶቹ ትልልቅ ባርኔጣቸውን አድርገው ቁጭ ይላሉ፣ ምሳ ይቀርብላቸዋል፣ ይመሰገናሉ። በማግስቱ መጥተው ወንዶቹ ያቆሸሹትን ወጥ ቤት ያጸዳሉ።

የቀኑ ማብቂያ «ግድግዳው» ነው። ይህ የክሊዮፈስ የራሱ ፈጠራ ነው፣ በዚህም ይኮራል። ስብከቱ ሲያልቅ ወንዶቹ ሁሉ፣ ሽማግሌውም ጎረምሳውም፣ ከወንበራቸው ይነሱና እጅ ለእጅ ተያይዘው አዳራሹን ዙሪያውን ይከቡታል። ሴቶቹ መሃል ላይ እንደተቀመጡ ይቀራሉ። ክሊዮፈስ ቦታው ዋናው በር ላይ ነው፤ ክፉ ነገር የሚመጣው በበር ነው ይላል። ከዚያ እሱ ቃሉን ይናገራል፣ ወንዶቹም ይከተሉታል። «እኛ ግድግዳችሁ ነን። እኛን አልፎ የሚነካችሁ የለም።» አሮጊቶቹ ያለቅሳሉ። ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይህን ለማየት የሚመጣ ሰው አለ። አርኔታም በመጀመሪያው ዓመት አልቅሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ ሲነገር መሀረቧን እያጣጠፈች ትጠብቃለች።

የዘንድሮው ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዶቹ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ በርሜሎቻቸውን ደርድረው የአሳማ ትከሻ በጭስ ያበስሉ ነበር። የበርሜሎቹ አለቃ ኦዴል ነው፤ የክሊዮፈስ የልጅነት ጓደኛ፣ ሦስት ሚስት ፈትቶ ስለ ትዳር ምክር የማይሰስት።

«ክዳኑን አሥሬ አትክፈተው አልኩህ» አለው ኦዴል አንዱን ወንድም። «ሥጋና ሴት አንድ ናቸው። በየደቂቃው ምን ሆንሽ እያልክ ከነካካሃቸው ይደርቁብሃል።»

«ሦስቱም የደረቁብህ ለዚያ ነው?» አለው ክሊዮፈስ።

«እነሱማ መች ደረቁ። እኔን አድርቀውኝ ሄዱ እንጂ።»

ጓሮው በሳቅ ተሞላ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ክሊዮፈስ ነው፤ ሳቁን ሳይጨርስ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ።

«አባባ» አለች ጃሊሳ። የዴማርኮ ፍቅረኛ ናት፤ አብረው መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል። ድምፅዋ ወፍሮ ይጎተት ነበር። «ደውይልኝ ብለውኝ ነበር። ይኸው ደወልኩ።»

ብሏታል። የምስጋና ቀን ማዕድ ላይ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ፣ እሱ የተርኪ ዶሮውን መቁረጫ ቢላ እንደያዘ «ይሄ ልጅ እጁን ቢያነሳብሽ ማንንም አትጥሪ፣ ለኔ ደውይ። እኔ ከፖሊስ እብሳለሁ» ብሏት ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ዴማርኮም ሳቀ። ጃሊሳ ግን አባቷን የማታውቅ ልጅ ናትና ነገሩን የምሯን ያዘችው። እዚያው ሰው ፊት ስልኳን አውጥታ ቁጥሩን ስትመዘግብ «አባባ» ብላ ነው የጻፈችው። ክሊዮፈስ ያን ቀን ሁለት ጊዜ ኬክ በላ፣ እንዲህ ደስ ብሎት ነበር።

ቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ደረሰ። ጃሊሳ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። የታችኛው ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ ግራ ዓይኗ አብጦ ሊከደን ነው። በአንድ እጇ ከፍሪዘር የወጣ የአተር ከረጢት ጉንጯ ላይ ይዛለች፣ በሌላው ስልኳን። ዴማርኮ ከኋላዋ መቃኑን ተደግፎ፣ ያን የሚያክል ሰውነት ይዞ፣ ይነፋረቃል።

ዴማርኮን ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል። ለአሮጊቶች ዕቃ የሚሸከም፣ በር የሚከፍት፣ ከሴት ጋር ሲሄድ ወደ መኪናው በኩል የሚወጣ ልጅ ነው። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። አባቱ የመንገዱን ጎን አስተምሮታል፤ ሥራ ያጣ ቀን፣ ኀፍረት የያዘው ቀን፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ግን አላስተማረውም።

ክሊዮፈስ መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። ለልጁ የሚለውን አዘጋጅቷል፣ ለእሷም የሚለውን አዘጋጅቷል። ደረጃው ሥር ቆሞ ፊቷን ሲያይ ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

«ምን ብለሽው ነው?»

ጃሊሳ አተሩን ከጉንጯ አነሳች። በትክክል መስማቷን ማወቅ የፈለገች ይመስል ቆይታ አየችው።

«ምን አልኩት? ከሥራ መባረርህን ለምን ከሰው እሰማለሁ፣ ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ይቺን ነው ያልኩት። ትመታለች?»

«አይ፣ እኔ እንኳን እንደዚያ...»

«አባዬ፣ ሳላስበው ነው። በእግዚአብሔር ስም ሳላስበው ነው» አለ ዴማርኮ።

«አንተ አፍህን ዝጋ። ምን ዓይነት ወንድ ነህ አንተ?» ክሊዮፈስ ጮኸበት፣ መጮሁም ትንሽ ቀለል አደረገው። አንድ ነገር የሠራ መሰለው።

ጃሊሳ ጩኸቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። «ፖሊስ ልጠራ ነው» አለች። «አስቀድሜ ለርስዎ የደወልኩት ቃላችን ስለሆነ ነው። እስኪመጡ እዚህ ይሁኑልኝ፣ ሲመጡም አጠገቤ ይቁሙ። ሌላ ምንም አላስቸግርዎትም።»

ክሊዮፈስ አጠገቧ ቁጭ አለና ስለ ወንድሙ ስለ ሉተር ነገራት። ታሪኩን ታውቀዋለች፤ በዚህ ቤተሰብ የማያውቀው የለም። ሉተር በወጣትነቱ መኪናው ተበላሽቶበት የገጠር መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ፣ እርዳታ ይሆናል ብሎ እጁን ያወዛወዘለት ፖሊስ ነው የገደለው። እጁ ላይ የነበረው መሣሪያ ሳይሆን የእጅ ባትሪ ነው። እናታቸው ከዚያ ወዲያ እስክትሞት የቤቷን በረንዳ መብራት አላጠፋችም። ከዚህ ውስጥ አንዲትም ቃል ውሸት የለባትም፤ ክሊዮፈስን በኋላ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው። የወንድሙን ሞት፣ እውነተኛውን ሞት፣ አምጥቶ ከንፈሯ በተሰነጠቀ ሴት አፍ ላይ ክዳን አደረገው።

«እነሱ እንዴት እንደሚመጡ አንቺም ታውቂያለሽ» አላት። «ይሄን ቁመት ይዞ፣ እንዲህ ተደናግጦ ካዩት መንገዱ ሁለት ነው። ወይ ዝም እንላለን፣ ወይ ልጄን እንቀብራለን። እኔ እቀጣዋለሁ። በሽምግልና ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን። ብቻ የወንዶች ቀን ይለፍ።»

«እኔስ?» አለች ጃሊሳ ቀስ ብላ። «እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

በአፉ ፋንታ እጁ ሠራ። ስልኳን ከመዳፏ ወስዶ የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተው። ቀስ ብሎ ነው፤ አልነጠቃትም። ያን ቀን ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ለራሱ ደጋገመው፣ አልነጠቅኋትም፣ አልነጠቅኋትም እያለ።

ጎረቤት ግን ጆሮ አለው። ስልኩን ኪሱ ከከተተ ብዙም ሳይቆይ የፖሊስ መኪና ከመንገዱ ጥግ ታጥፎ በሩ ላይ ቆመ። ሁለት ናቸው። አንዱ ሸምገል ያለ፣ ሌላው ጺሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣ ልጅ፣ ሁለቱም ነጮች። ዴማርኮ ሁለት እጁን ሹራቡ ኪስ ውስጥ እንደከተተ ደርቆ ቀረ።

«እጅህን አውጣ» አለ ልጁ ፖሊስ፣ የራሱ እጅ ወደ ወገቡ እየወረደ። ዴማርኮ አልሰማም። ድንጋጤ ጆሮውን ደፍኖታል። «እጅህን አውጣ አልኩህ እኮ።»

ጃሊሳ ተነሳች። የአተሩ ከረጢት ደረጃው ላይ ወደቀ። ሁለት ክንዷን ዘርግታ በፖሊሱ ሽጉጥና በዴማርኮ መካከል ገባች።

«ምንም አልያዘም» አለች። «ባዶ ነው፣ እባክህ። ኪሱ ውስጥ ያለው እጁ ብቻ ነው። ዴማርኮ፣ ቀስ ብለህ አውጣቸው፣ አንድ በአንድ። እየኝ፣ እሱን ተወው፣ እኔን እየኝ።»

አወጣቸው። ሽጉጡም ከማኅደሩ ሳይወጣ ቀረ። ያኔ ለክሊዮፈስ ጀርባውን አንድ ጠንካራ ነገር እንደነካው ታወቀው። የቤቱ ግድግዳ ነው። ሳያውቀው ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲል ግድግዳው ድረስ ደርሶ ኖሯል። ዴማርኮም አጠገቡ ቆሟል። አባትና ልጅ ወደ ግንቡ፣ የተደበደበችው ሴት ወደ መኪናው። ክሊዮፈስ ይህን አየ፤ አለማየት አልቻለም።

«ፊትሽን ምን ሆነሽ ነው?» አላት ሸምገል ያለው ፖሊስ።

«ወድቃ ነው» አለ ክሊዮፈስ። ማንም አልጠየቀውም። «ደረጃው ያንሸራትታል። እኔ አባቷ ነኝ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ፖሊሱ ጃሊሳን አያት፣ ጃሊሳ ክሊዮፈስን አየችው፣ ገና ባልተከደነችው ዓይኗ። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢያይ ይችለው ነበር። ያየው ግን ቁጣ አልነበረም። ሰው ለማያውቀው ሽማግሌ እንደሚያዝነው ነበር ያዘነችለት።

«አዎ» አለች። «ወድቄ ነው። አባባ እንዳሉት።»

«የምትደውዪለት ሰው አለሽ?»

ጃሊሳ እጇን ወደ ክሊዮፈስ ዘረጋች። ክሊዮፈስ የእሷን ስልክ ከራሱ ሽርጥ ኪስ አውጥቶ ሰጣት። ፖሊሱ ስልኩ ከየት እንደወጣ አየ፣ ሁለቱን ወንዶች ተራ በተራ አየና ወደ መኪናው ተመለሰ። የነጭ ፖሊስ ንቀት ለክሊዮፈስ አዲስ አይደለም፣ ዕድሜውን ሙሉ ያውቀዋል። የሚገባው ሆኖ ሲቀበለው ግን የመጀመሪያው ነው።

ወደ ጓሮው ሲመለስ ኦዴል ነገሩን ከፊቱ አነበበው።

«ልጆቹ ናቸው?»

«ትንሽ ተጋጭተው ነው። ፖሊስ መጥቶ ሄደ።»

«እሰይ፣ ሄደ ካልክ በቃ። ዝም አይነቅዝም። የኛን ጉድ እነሱ ፊት አውጥተን የተረፈን ምን አለ?» ኦዴል በቅባታም እጁ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልጅህን አትርፈሃል ወንድሜ። አባት ማለት እንዲህ ነው።»

ይህን ንግግር ክሊዮፈስ ራሱ ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ተናግሮታል። ከኦዴል አፍ ሲሰማው ትከሻውን ከቅባታሙ እጅ ሥር አወጣ። ልጄን ያተረፈችው እሷ ናት ማለት ፈለገ፤ አላለም። ክዳኑን ከፍቶ ሥጋውን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ያን ቀን ስለ ክዳኑ ማንም አልተቆጣውም።

ለአርኔታም ቤት ሲገባ «ልጆቹ ትንሽ ተጋጭተዋል» ብሎ ሊያልፋት ሞከረ። አርኔታ ለእሁድ የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመች።

«ትንሽ ማለት ምን ያህል ነው?» አለችው።

«ነገ እናወራለን።»

ሸሚዙን ጨርሳ ሰቀለችው። እሱ ደግሞ ጓሮ ወጥቶ ለዴማርኮ ደወለ፤ ነገ በሩ ላይ አጠገቤ ነው የምትቆመው አለው። ለምን እንዳለው ራሱም አላወቀም። ምናልባት ልጁን አጠገቡ ካቆመው ምንም እንዳልተፈጠረ ይመስላል ብሎ ይሆናል።

እሁድ ወንዶቹ ሁሉ ጥቁር ሱፍና ወይን ጠጅ ክራባት አድርገው ማልደው ገቡ። አርኔታ እንደ ወትሮዋ በመኪናዋ ጃሊሳን ልታመጣ ሄደች፤ ዴማርኮ ከወንዶቹ ጋር ቀድሞ ስለሚገባ ሁሌም እንዲህ ነው። ክሊዮፈስ ይህን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስበው አድሯል። አትሂጂ ሊላት ፈልጎ ምክንያት አጣ።

መዝሙሩ አለቀ፣ እነሱ የሉም። ስብከቱ ተጀመረ፣ እነሱ የሉም። ስብከቱ ሊያልቅ ሲል በሩ ተከፈተና ገቡ። ጃሊሳ የአርኔታን ሰፊ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ሁለቱ መሃል ላይ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ተቀመጡ። አርኔታ ወደ ባሏ አላየችም። መሀረቧም እጇ ላይ የለም።

ወንዶቹ ተነስተው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ክሊዮፈስ በሩ ላይ ቆመ፣ በግራው ኦዴል፣ በቀኙ ዴማርኮ። የልጁ እጅ ትልቅና እርጥብ ነው። አጥብቆ ሲይዘው አውራ ጣቱ ሥር አንድ ሻካራ ነገር ነካው፤ የጣቱ አንጓ ላይ ያለች፣ ገና ያልዳነች ቁስል። በምን እንደቆሰለች ክሊዮፈስ ያውቃል። አፈረ። ስለ ልጁ ብቻ አይደለም ያፈረው። ትናንት ደረጃው ላይ ተቀምጦ የተናገረው ቃል በሙሉ፣ ከነድምፁ፣ ጆሮው ላይ መጣበት፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሃል ፊቱ ነደደ።

ፓስተሩ ከመድረኩ በድምፅ ማጉያው «ዲያቆን ጌይንስ፣ እስኪ ቃሉን ስጠን» አለ።

ክሊዮፈስ አፉን ከፈተ። አርኔታ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ጃሊሳን በእጇ ያዘቻትና ሁለቱ በመተላለፊያው ቀጥ ብለው ወደ በሩ መጡ። ባርኔጣው ሁሉ ዞረ። ክሊዮፈስ ፊት ደርሰው ቆሙ።

«ክፈትልን» አለች አርኔታ በዝግታ።

«አርኔታ፣ አሁን አይሆንም። ይለፍና...»

«ይለፍ ስትል ነው እዚህ የደረስነው።»

«እህት አርኔታ፣ ወንበራችሁ ላይ ብትቆዩ ምናለ፣ ይኸው እኛ አለንላችሁ» አለ ኦዴል።

«ኦዴል፣ አንተ ሥጋህን ጠብቅ» አለችው፣ ዞራ እንኳ ሳታየው።

«የት ልትሄዱ ነው?» አለ ክሊዮፈስ።

«ትናንት የከለከልካት ቦታ። ጠበቃዋ እህት ኮርኔሊያ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ትጠብቀናለች። መንገዱ ሁለት ነው ብለሃት የለ? ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ማንን ጠየቅህ? እኔን ጠየቅኸኝ?» ዴማርኮን ቀና ብላ አየችው፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እንዳይገድሉብኝ መፍራት ካንተ አልማርም። ለሱ ተመልሼ እመጣለሁ። በቀን ብርሃን፣ ይሄን ሱፉን እንደለበሰ፣ ፊት ፊቱን እየሄድኩ እኔው ጣቢያ አስገባዋለሁ።»

«እማዬ» አለ ዴማርኮ።

«እዚያው ቁም።» ከዚያ ወደ ባሏ ተመለሰች። «ወድቃ ነው ያልከው አንተ ነህ። ተመታሁ ብትላቸው፣ አባቷ ነኝ ያለው ሰውዬ ወድቃ ነው ብሎናል ይሏታል። ያን ቃል ካንተ በቀር የሚያነሳው የለም። ና ብዬ ግን አልለምንህም። በሩን ልቀቅልን ብቻ።»

ክሊዮፈስ ጃሊሳን አየ። ከባርኔጣው ሥር የሚታየው የተሰነጠቀው ከንፈሯ ነው።

«ጃሊሳ፣ ልጄ» አላት።

«ዛሬ እኮ አልደወልኩልዎትም» አለች። «ማለፍ ነው የምፈልገው፣ አባባ።»

ይህን ግድግዳ ሲፈጥረው፣ በየዓመቱም ሲያቆመው፣ ከውጭ ሊገባ የሚመጣውን ብቻ ነበር የሚያስበው። ከውስጥ ሊወጣ የሚፈልግ ሰው ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። እኛን አልፎ የሚነካችሁ የለም። እነሱን አልፎ የሚወጣም አልነበረም። ሴቶቹ በሩን እንዲያገኙ ከሁለት እጆቹ አንዱን መልቀቅ አለበት፣ በሩ የሚከፈተው ደግሞ በቀኙ፣ በልጁ በኩል ነው።

ለቀቀ። ዴማርኮ ግን አለቀቀም። «አባዬ» አለ በሹክሹክታ፣ ጨምድዶ ያዘው፣ በልጅነቱ ውሃ ዳር ሲቆሙ እንደሚይዘው። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፣ ክሊዮፈስም ይወደዋል። ሌላ እጁን ከኦዴል መዳፍ አውጥቶ የልጁን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀና እጁን አወጣ።

አርኔታና ጃሊሳ በመሃላቸው አለፉ። በሩ ተከፈተ፣ ፀሐይ ገባ።

«ዲያቆን?» አለ የፓስተሩ ድምፅ በማጉያው። «ቃሉን እየጠበቅን ነው።»

ቃሉን በዓመት በዓመት ሲለው ኖሯል፣ በሕልሙም ይለዋል። አንዲት ፊደል አልመጣችለትም። ከመድረኩ እስከ በሩ ያለው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ነው፣ የክብ ቅርጽ የሠራው ወንድ ሁሉ እሱን ይጠብቃል። ወይን ጠጁን ክራባቱን ፈታ አደረገ። ዞሮ ወጣ፣ በሩንም ክፍቱን ተወው።

አርፍደው ስለመጡ መኪናዋ የቆመችው ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብላ፣ የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱ ሴቶች በእግረኛው መንገድ ላይ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዳሉ። እሁድ ነው፣ መኪናው ይበዛል፣ አንዳንዱም ይበራል። ክሊዮፈስ ሮጥ ብሎ ደረሰባቸው፣ እግሩም ሳያዘው፣ የለመደውን አደረገ፤ ወደ መንገዱ በኩል ዞሮ ሊቆም ሄደ።

አርኔታ እዚያ ነበረች። ጃሊሳን ወደ ግንቡ አስገብታ እሷ ወደ መኪናው ወጥታለች። በእሷና በአስፋልቱ መካከል ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ የለም። ይህን ሁሉ ዓመት እሱ ሲያደርገው ትስቅበት የነበረችው ሴት ናት። ጠጋ ሲላት አልተነቃነቀችም።

«እነግራቸዋለሁ» አላት እያለከለከ። «ዋሽቼ ነው እላቸዋለሁ። ስልኳንም እኔ እንደያዝኩባት እነግራቸዋለሁ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች አርኔታ። እርምጃዋን አልቀነሰችም። «ንገራቸው። ከኋላ ና።»

ጃሊሳ አልዞረችም። ክሊዮፈስ አንድ አፍታ ቆሞ ወደ ግንቡ በኩል ተመለከተ፣ ወደ መንገዱ በኩል ተመለከተ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በየትኛው በኩል መሄድ እንዳለበት አላወቀም። ከዚያ እጆቹን አንጠልጥሎ ከኋላቸው ሄደ። በመኪናው በኩል ያለው ቦታ ተይዟል።